ወንዙም ዕድር ይግባ

ስለ ንጽሕና መጻፍ በዚህ መጽሔት አዲስ ነገር አይደለም። ያለፉትን ዓመታት እትሞች ከቤተ መጻሕፍታችን አስወጥቼ ሳገላብጥ፥ ከአንዱ በቀር በሁሉም ውስጥ ስለ ከተማ ጽዳት የሚናገር ጽሑፍ አገኘሁ። ሁሉም በመልካም አማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ ሁሉም «እንግዲህ በኅብረት እንነሣ» ብለው ይፈጽማሉ። ጸሐፊዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ከአጥራችን በታች የሚወርደው የቀበና ወንዝ ግን እንደ ጠቆረ አለ። ስለዚህ እኔ በበኩሌ «እንነሣ» የሚለውን ለሌላ ትቼ፥ ከተነሣን በኋላ ለምን ቶሎ እንደምንቀመጥ ጥቂት ለማለት ፈልጌአለሁ። ወደ መጨረሻው ላይ የገዛ ቤቴን ጉድ ስለማወጣ፥ አንባቢ እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት ይከተለኝ።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር የተፈጥሮ ጥበቃ ክበባችን የወንዝ ጽዳት ዘመቻ አውጆ ነበር። ቅዳሜ ጧት ከ60 የማናንስ ተማሪዎች ጓንት አጥልቀን፥ አፍንጫችንን በሻሽ ሸፍነን ወረድን። እስከ ቀትር ድረስ 41 ማዳበሪያ ሞላን። ከውስጡ የወጣውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ገጹ አይበቃኝም። አሮጌ ፍራሽ፥ አንድ እግር ጫማ፥ የፋሲካ በግ ቆዳ ከነጠጉሩ ነበረ፤ ከሁሉም የበዛው ግን ፌስታል ነው። ፌስታሉ ከጭቃው ጋር ተጋግሮ፥ ድርብርብ ሆኖ፥ በአካፋ እየተቆረጠ ነው የወጣው። በመጨረሻ ዳቦና ለስላሳ ታደለን፤ መምህራኖቻችን አመሰገኑን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን። (ፎቶግራፉ ባለፈው እትም ላይ ወጥቷል፤ ከግራ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።) በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሙሉ ዘነበ። በማግሥቱ ድልድዩ ላይ ቆሜ ስመለከት፥ ያጸዳነው ቦታ የቱ እንደ ነበረ መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። ከ41ዱ ማዳበሪያ ውስጥ ብረት አልነበረም። ቆርቆሮ አልነበረም። ጀሪካን እንኳ አንድም አልወጣም፤ ሃይላንዱም ቢሆን ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ነበረ። ምክንያቱን የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። «ቆራሌው!» እያለ በየበሩ የሚዞረው ሰው ይገዛዋል። እሱ የሰበሰበው መርካቶ ይደርሳል፤ ምናለሽ ተራ ገብቶ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ፥ በርሜልና ባልዲ ሆኖ ይወጣል። የከተማችንን ቆሻሻ በማቃለል ከማንም የበለጠ የሠራው ቆራሌው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ እስከ ዛሬ ግን በአንድም የጽዳት በዓል ላይ ተጠርቶ ሲመሰገን አላየሁም።

የበጉ ቆዳም ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን፥ በበዓል ቀን ቆዳ ገዢው በጉ ሳይገፈፍ ነበር በር ላይ የሚቆመው። ዋጋው ሲወድቅ ገዢው ቀረ፤ ቆዳውም ወንዝ ገባ። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰው ዋጋ ያለውን ነገር እንደማይጥል ነው። እንግዲህ ቆራሌው የማይገዛው ፌስታል፥ ልጣጭ፥ አመድና የመጸዳጃ ፍሳሽ ምን ይሁን? ዋጋ የሌለውን ነገር በሥርዓት የሚያስወግድ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳወጣና ሳወርድ አንድ ነገር ታወሰኝ። ለቀብር ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ የለም፤ ሆኖም በሰፈራችን ሳይቀበር የቀረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ድኻ ይሁን ሀብታም፥ ዘመድ ይኑረው አይኑረው፥ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ይህን የሚያደርገው ማዘጋጃ ቤት አይደለም፤ ዕድር ነው። የዕድራችን አባላት ሁሉ ደጎች ስለ ሆኑ አይደለም ቀብር የሚደርሱት። አንዳንዱ በጭቃ እያማረረ ነው የሚሄደው፤ ግን ስሙ ይጠራል፤ ነገ በእሱ ቤት ምን እንደሚሆንም ያውቃል። የእኛ ዘመቻ የጎደለው ይህ ነው። ግንቦት ላይ የወረድነው ደስ ስላለን ነው፤ በሰኔ ያልወረድነው ደግሞ ስማችንን የሚጠራ ስላልነበረ ነው።

የችግኝ ነገርም ከዚሁ አይለይም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን እንደ ተተከለ በይፋ ተነግሯል፤ ከዚያም ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር እንተክላለን። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት በወንዙ ዳር 40 ችግኝ ተከልን። ዘንድሮ ብቆጥራቸው 11 ቀርተዋል፤ አሥራ አንዱም ያሉት ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጎጆ ትይዩ ነው። እኒህ ሰው ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ ማታ ማታ ያጠጧቸዋል፤ ፍየል ሲመጣም ያባርራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ ግን ሃያ ዘጠኙን ችግኞች የገደለው ድርቅ ወይም ፍየል ነው ብዬ አላምንም፤ ተራ የገባለት ሰው አለመኖሩ ነው። ለነገሩ በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ከተማው ሊነቀል ሲያስብ ባሕር ዛፍ ያዳነው፥ ነዋሪው ሁሉ ለምድጃውና ለቤቱ ማገር የሚጠቅመውን ስለ ተከለና ስለ ጠበቀ ነው። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል እየተባለ ዛሬ በእንጦጦ ላይ ጽድና ወይራ መተካቱ ሌላ ታሪክ ነው።

አንዳንድ ሰው «ወንዙ እንደሆነ ይወርዳል፤ ይዞት ይሄዳል» ይላል። እውነት ነው ይሄዳል፤ ግን ወዴት? ቀበና ከእንጦጦ ተነሥቶ ከተማውን ሰንጥቆ፥ እነ ግንፍሌንና ባንተይቀጡን አስከትሎ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አባ ሳሙኤልን ያየ ሰው እምቦጭ እንዴት እንደ ለበሰ ያውቃል፤ አረሙን የሚያወፍረው ከእኛ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። በአቃቂ ዳርና ከዚያም በላይ በከተማው ውስጥ ባሉት ወንዞች ዳር ደግሞ አትክልተኞች ውሃውን እየጠለፉ ሰላጣ፥ ቆስጣና ጎመን ያለማሉ። ተመራማሪዎች በዚህ ውሃ በለማው ቅጠል ላይ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ መርዘኛ ብረቶች ከሚፈቀደው መጠን በላይ ያገኙበት ጊዜ አለ። ብረቱ ከፋብሪካ የወረደ ነው፤ የሆድ ትልና ተቅማጥ የሚያመጣው ተሕዋስያን ግን ከየቤታችን የወረደ ነው። ስለዚህ ሰኞ ወደ ወንዝ የለቀቅነው ነገር ዓርብ ለጾም ቆስጣ ሆኖ ከገበያ ሊመለስ ይችላል። ከዚህ በኋላ «ይዞት ይሄዳል» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በጥቅምት ወር የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ነበረው። አባቴ ሥራ ላይ ስለ ነበረ መዋጮውን ይዤ የሄድሁት እኔ ነኝ። ሒሳቡ ተነብቦ ሲያበቃ፥ ልቤ እየመታ እጄን አወጣሁ። ዕድራችን በየወሩ አንድ ቅዳሜ ስም እየጠራ የወንዙን ዳር ቢጠብቅ፥ የቀረውንም ቢቀጣ ምን ይመስላችኋል አልሁ። የዕድሩ ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፥ «አንቺ ልጅ፥ ዕድር ሰው ይቀብራል እንጂ ቆሻሻ አይቀብርም» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እኔም አፍሬ ተቀመጥሁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እኒህ ሰው የአያቴ ቀብር ቀን በዝናብ ከድንኳኑ ሥር ያልተነሡ ሰው ናቸው።

ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የሆነውን አሰብሁ። ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ፤ እናቴ በቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ፥ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው የከተማው ቆሻሻ በዚያ ሌሊት ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ከነቤቱ ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የ3 ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። ዕድር ቆሻሻ አይቀብርም፤ ቆሻሻ ግን ሰው ቀብሯል። ያም ክምር ከሌላ አገር የመጣ አልነበረም። የቀበና፥ የመርካቶ፥ የቦሌ ልጣጭና አመድ ነው፤ ከእኛም ቤት የወጣ ማዳበሪያ ከሥሩ ሳይኖርበት አይቀርም። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያው አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ይህ መልካም ነው፤ ግን ማናቸውም ጣቢያ የሚያቃጥለው የደረሰለትን ነው። ወንዝ የገባውን አያገኘውም።

ጧት ይህን ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ብዙ አትናገርም። «የወንዶቹን ዕድር ተይው፤ ቆሻሻውን ተሸክሞ የሚያወጣው ማን ሆነና?» አለችኝ። በኅዳር በሴቶች ዕድር፥ ቡና እየተፈላ፥ ነገሩን ራሷ አነሣችው። እነሱ እንደ ወንዶቹ አልሳቁም፤ ነገር ግን ወዲያው ያነሡት ስለ አካባቢ ጥበቃ ሳይሆን ስለ ጋሪው ነው። የቆሻሻ አንሺዎቹ ማኅበር ልጆች ጋሪ ወደ ሰፈራችን ቁልቁለት አይወርድም። ጋሪው የሚቆምበትን ሰዓት ያልደረሰ ሰው ማዳበሪያውን ሳምንት ሙሉ ቤቱ ማቆየት አለበት፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር የሚኖር ሰው ይህን አይችልም። ስለዚህ ሲጨልም ወደ ወንዝ ይሄዳል። እኔ ክበባችን ውስጥ ሁለት ዓመት ስሠራ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ስንባል ኖሬአለሁ፤ እነዚያ ሴቶች በሩብ ሰዓት ውስጥ የጎደለው ግንዛቤ ሳይሆን ጋሪ መሆኑን አሳዩኝ።

ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ። ቅዳሜ ጧት ጋሪው ከመምጣቱ በፊት ሁሉም ማዳበሪያውን አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ያወጣል፤ አቅም ለሌላቸው አሮጊቶች በተራ ይወጣላቸዋል። ጸሐፊዋ በደብተር ምልክት ታደርጋለች። ሳያወጣ የቀረ ቤት 50 ብር ይቀጣል። በየሳምንቱም ሁለት ቤት በተራ የወንዙን ዳር ይቃኛል። አንዲት ጎረቤታችን ልጣጩን ለብቻ እየሰበሰበች በጓሮዋ ጉድጓድ ታበሰብሰው ጀመር፤ አሁን ጎመን በቅሎበታል። ከየቤታችን የሚወጣው አብዛኛው ልጣጭና ቅጠል ስለሆነ፥ ማዳበሪያዋ ከሁላችንም ይቀላል።

ሁሉም በሰላም አልሄደም። በታኅሣሥ አንዲት የታመመች ሴት ተቀጥታ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ በኋላ ገንዘቡ ተመለሰላት። ሁለት ጊዜ የተቀጣች ሌላ ሴት ደግሞ ለእናቴ ሰላምታ ከነሣቻት እነሆ አምስተኛ ወሯ ነው። እኔ በዚህ ሳዝን እናቴ፥ «ለቀብር ስትቀጣም አኩርፋ ነበር» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ከድልድዩ እስከ ሾላው ድረስ ያለው ዳር ዛሬ ከጽዳት ዘመቻው ማግሥት ይልቅ ንጹሕ ነው። ከላይ የሚመጣውን ግን ልናቆመው አልቻልንም፤ ከላያችን ሌሎች ሰፈሮች አሉ።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው፥ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው ነው። መንግሥትም አልተኛም። ቀጭን ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ቁጥሩ 513 ነው፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ይመለከታል። ያን አዋጅ ፌስታሉ ራሱ አልሰማውም ቢባል ይሻላል። ከ18 ዓመት በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም.፥ ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ ጸድቋል። በወንዞችም ዳር ብዙ ቤት ተነሥቶ መናፈሻና የእግር መንገድ እየተሠራ ነው። አዋጁም መናፈሻውም ያስፈልጋል። ነገር ግን ዘብ የማይደርስበት ሰዓት አለ፤ እሱም ሰው ማዳበሪያውን ይዞ በጨለማ የሚወጣበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሚያየው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአባቶቻችን ነው፤ «ዕድር ለቀብር ተቋቋመ፤ ሌላ ሸክም አትጫኑበት» ይላሉ። እኔ ግን በ1990ዎቹ፥ ኤች አይ ቪ ወጣቱን በሚፈጅበት ጊዜ፥ ብዙ ዕድሮች የታመመ እየጠየቁና ወላጅ አልባ ልጆችን እየደገፉ እንደ ነበረ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ያን ጊዜ ያደረጉት ከመቅበር መከላከል ይሻላል ብለው ነው። በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን ሲቀበርም ድንኳኑን የሚተክለው ያው ዕድር ነው።

የፋብሪካዎቹን ነገር ረሳሽው የሚለኝ ይኖራል። አልረሳሁትም፤ በትንሹም በትልቁም አቃቂ ዳር ያሉት ፋብሪካዎች የሚለቁትን ፍሳሽ የሴቶች ዕድር በ50 ብር መቀጫ አያቆመውም። ለዚያ ሕግና ዳኛ ያስፈልጋል። ግን ከፋብሪካው በር ቆሜ «ለምን ትለቃላችሁ?» ብዬ ብጮኽ፥ የሚመልሱልኝ አንድ ቃል ስላለ አፌ ይታሰራል። ቀደም ብዬ የገዛ ቤቴን ጉድ አወጣለሁ ያልሁት ይህ ነው።

የእኛ ቤት መጸዳጃ ወደ ወንዝ ይፈስሳል። ስድስት ቤቶች ነን፤ ቧንቧችን አንድ ላይ ይጋጠምና ከግንቡ ሥር በስተጀርባ ይወጣል። እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ ነው። ግንቦት ላይ ፍራሽና ፌስታል ስጎትት በዋልሁበት ቦታ፥ ትንሽ ከፍ ብሎ ከሾላው በላይ፥ የእኛ ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። አውቀው ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ፎቶግራፍ ስነሣ ጀርባዬን ለእሱ ሰጥቼ ነው የቆምሁት።

በጥር አባቴን ጠየቅሁት። ከሥራ ደክሞት ስለ ገባ ሰዓቱን ክፉ መርጬአለሁ። «ጉድጓድ ማስቆፈሪያውን ከየት ላምጣ?» አለኝ። «ቢቆፈርስ መምጠጫው መኪና በየት በኩል ይገባል? ጭነት የያዘ አህያ የማያልፍበት መንገድ ነው።» እውነቱን ነው፤ ይህን አስቀድሜ አላሰብሁትም ነበር። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ ዋጋውን አያይዞ አይጠይቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እሱ ራሱ ነገሩን አነሣው። ስድስቱ ቤቶች አንድ የጋራ ጉድጓድ አስፋልቱ ዳር፥ መኪናው በሚደርስበት ቦታ ቢያስቆፍሩ፥ ከላይኞቹ ቤቶች ቧንቧው በቁልቁለት እንደሚደርስ አንድ ግንበኛ ነግሮት ነበር። የእኛና የጎረቤታችን ቤት ዝቅ ስለሚሉ መላ ይፈልጋሉ። ለገንዘቡ ስድስቱ አባወራዎች በመጋቢት ዕቁብ ጀምረዋል፤ የዕቁቡ ዕጣ ለሰው ሳይሆን ለጉድጓዱ ነው። እስከ አሁን ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል። አምስተኛው ቤት አንድ ጊዜ አጓድሏል። ቦታውን ለማስፈቀድ ወረዳው ዘንድ ማመልከቻ ገብቷል፤ መልስ እየተጠበቀ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንደማወጣ ለአባቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ኋላም፥ «ጻፊው፤ ግን ስሜን አትጥሪ» አለኝ። ቃል ገባሁለት። የመጽሔቱ አዘጋጆች እንደ ደንቡ ከነአባቴ ስም እንድፈርም ቢጠይቁኝም፥ ከዚህ ግርጌ የእኔ ስም ብቻ ያለው ስለዚህ ነው። እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ እሄዳለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ግን ገና 9ኛ ክፍል ነው። ቧንቧው የዞረ ዓመት በዚህ መጽሔት ላይ እሱ እንዲጽፍ፥ ሲፈርምም ከነአባቱ ስም እንዲፈርም ተስማምተናል።